የስብሰባ መሪ ተግባርና ጠባይ

ነጋዴ ሱቁን ዘግቶ፣ ወይም ሚዛኑን ለሠራተኛው አደራ ሰጥቶ ወደ ስብሰባ ሲሄድ፣ ከግል ገበያው ቀንሶ ለጋራ ጉዳይ እንዳዋጣ ሊቈጠርለት ይገባል። ከአጋሮ፣ ከሊሙ ገነት፣ ከየቡ፣ ከሰቃና ከሸቤ ተነሥተው ጅማ ላይ የሚገናኙ 40 ነጋዴዎች 4 ሰዓት ቢቀመጡ፣ የወጣው ጊዜ 4 ሰዓት ሳይሆን 160 ሰዓት ነው። ይህም አንድ ሠራተኛ በቀን 8 ሰዓት እየሠራ በ20 ቀን የሚፈጽመው ሥራ መሆኑ ነው። የመኪና ኪራይ፣ ምሳና በዚያ ቀን ያመለጠው ገበያ ሲጨመርበት ሒሳቡ ከዚህም ይከብዳል። ይህን ሁሉ ለጥቅም የሚያውለው ወይም በከንቱ የሚያስቀረው በአብዛኛው አንድ ሰው ነው፤ እርሱም የስብሰባው መሪ ነው።

ስለ ቡና ዋጋ፣ ስለ መጋዘን፣ ስለ መንገድ ወይም ስለ ግብር በየጊዜው ጉባኤ ይጠራል። ተናጋሪው ብዙ ነው፤ አዳማጩም አይጠፋም፤ በሚገባ የሚመራ ሰው ግን ጥቂት ነው። ስለዚህ መልካም የስብሰባ መሪ ማን እንደ ሆነና ሥራውንም እንዴት እንደሚያከናውን ከዚህ በታች በዝርዝር ተመልክቷል።

የስብሰባ መሪ ማን ነው?

የስብሰባ መሪ፣ ሊቀ መንበር ቢባል ወይም አወያይ፣ የዕለቱ ዋና ተናጋሪ አይደለም፤ ጋባዥም ላይሆን ይችላል። የእርሱ ሥራ ሌላው ሰው በተራው እንዲናገር፣ የተናገረውም እንዲሰማ፣ የተሰማውም ወደ አንድ ፍሬ እንዲደርስ መንገዱን መጥረግ ነው። ጥሩ ደላላ ሻጭንና ገዥን አገናኝቶ ዋጋውን ለእነርሱ እንደሚተው ሁሉ፣ ጥሩ መሪም ሐሳብን ከሐሳብ አገናኝቶ ውሳኔውን ለተሰብሳቢው ይተዋል።

ይህ ሙያ ለአገራችን እንግዳ አይደለም። በቀድሞው ዘመን በታላላቅ ግብር ላይ እንግዳውን እንደ ማዕርጉ የሚያስገባና የሚያስቀምጥ፣ ሥርዓቱም እንዳይፈርስ የሚቈጣጠር አጋፋሪ ነበር። ነጋድራስም ቀረጥ ከመሰብሰቡ ሌላ የነጋዴዎችን ክርክር ሰምቶ ይዳኝ ነበር። በበላ ልበልሃ ሙግት ተሟጋቾቹ በቃላቸው ኃይል ሲፋለሙ፣ የሁለቱንም ወገን ቃል እስከ መጨረሻው የሚያደምጥ ዳኛ ያስፈልግ ነበር። በኦሮሞ ሕዝብ ዘንድ በገዳ ሥርዓት ጉባኤ በኦዳ ዛፍ ጥላ ሥር በምርቃት ይከፈታል፤ ሽማግሌዎችም በጃርሱማ የተጣላውን ሲያስታርቁ እያንዳንዱ ወገን ቃሉን ሳይቋረጥ ይጨርሳል። የገዳ ሥርዓት በ2009 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም የማይዳሰስ ቅርስ ሆኖ ተመዝግቧል። ዕቁብ የሚጥል ነጋዴም ዳኛውን የሚመርጠው በሀብቱ ብዛት ሳይሆን በታማኝነቱና ቃሉ በመሰማቱ እንደ ሆነ ያውቃል። እንግዲህ መሠረቱ በእጅ ያለ ነው፤ የሚቀረው ወደ ዛሬው አዳራሽ ማስገባት ነው።

ዝግጅት ከስብሰባው በፊት

ስብሰባ የሚበላሸው ብዙ ጊዜ በአዳራሹ ውስጥ ሳይሆን ገና ከአዳራሹ ውጭ ሳለ ነው። ለዚህ ታላቅ ምሳሌ የሚሆነው በግንቦት ወር 1955 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በአፍሪካ አዳራሽ የተደረገው የአፍሪካ መሪዎች ጉባኤ ነው። በዚያን ጊዜ የአፍሪካ መንግሥታት የካዛብላንካና የሞንሮቪያ ቡድን እየተባሉ በሐሳብ ተለያይተው ነበር። ሆኖም ከጉባኤው አስቀድሞ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ከተማ ይፍሩና ሌሎችም ሁለቱን ወገኖች ለማቀራረብ ደከሙ፤ የየአገሩ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሮችም መሪዎቹ ከመምጣታቸው በፊት ተሰብስበው ጉዳዩን መረመሩ። መሪዎቹ የገቡት ነገሩ ከታየ በኋላ ስለ ነበረ፣ ግንቦት 17 ቀን 1955 ዓ.ም. የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ቻርተር ሊፈረም ቻለ። የአንድ ከተማ ነጋዴዎች ስብሰባ በመጠን ከዚህ ጋር ባይነጻጸርም ምሥጢሩ አንድ ነው፤ ዋና ዋናዎቹን ባለጉዳዮች አስቀድሞ በየግላቸው ያነጋገረ መሪ፣ በአዳራሹ ውስጥ ድንገተኛ ነገር አያስደነግጠውም።

ከዝግጅቱ ሥራዎች አንዱ ቀን መምረጥ ነው። ሐሙስ በጅማ የታወቀ የገበያ ቀን ስለ ሆነ፣ ባለሱቅን በዚያ ቀን መጥራት ባዶ ወንበር መጥራት ነው። ዓርብ እኩለ ቀን የጁምዓ ጸሎት ሰዓት ነው፤ በረመዳን ወር ደግሞ ከሰዓት በኋላ ረጅም ስብሰባ መጥራት ጾመኛውን ማስቸገር ይሆናል። በክርስቲያኑም በኩል የታላላቅ በዓላት ዋዜማ እንዲሁ ነው። ከጥቅምት ጀምሮ እስከ ጥር ድረስ እሸት ቡና የሚለቀምበትና የሚሰበሰብበት ወራት ስለ ሆነ፣ ሰብሳቢውና አቅራቢው ሌሊትም ቀንም ዕረፍት የላቸውም። ይህን ሁሉ ሳይመለከት ቀን የቈረጠ መሪ፣ በኋላ ሰው ቀረብኝ ብሎ ቢያዝን ጥፋቱ የሌላ አይደለም።

ሌላው አዳራሹን አስቀድሞ ማየት ነው። በጅማ አካባቢ ዝናሙ ብርቱ ነው፤ ክረምት በቆርቆሮ ጣራ ላይ ሲወርድ በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ የተቀመጡ ሰዎች እንኳ አይሰማሙም። ስለዚህ ስብሰባውን ወደ ጧት ማድረግ፣ ወይም የድምፅ ማጉያ መኖሩንና መሥራቱን ከዋዜማው መሞከር ያስፈልጋል። ወንበሩም ቢቻል በክብ ወይም በግማሽ ክብ ቢደረደር ይመረጣል፤ ከኋላ በሩ አጠገብ የተቀመጠ ሰው ቀድሞ ለመውጣት እንጂ ለመናገር አይዘጋጅምና።

ሦስተኛው አጀንዳ ነው። ጥሩ አጀንዳ በጥያቄ መልክ ይጻፋል። «ስለ ቡና ጥራት» ከማለት ይልቅ «ጀንፈል በመሬት ላይ እንዳይሰጣ በዚህ ዓመት ማን ምን ያደርጋል?» ብሎ መጻፍ ይሻላል። ለመጀመሪያው አርእስት ማንም የፈለገውን ያህል ሊናገር ይችላል፤ ሁለተኛው ግን መልስ ይጠይቃል። በአንድ ግማሽ ቀን ውስጥ ከሦስት የበለጠ ከባድ ጥያቄ ማስገባትም አይመከርም።

አከፋፈት

መሪው በተባለው ሰዓት ሊጀምር ይገባል። ዘግይቶ የመጣውን ለማክበር ሲባል በሰዓቱ የመጣውን ማስጠበቅ ቅጣቱን በተቃራኒው መስጠት ነው፤ በሚቀጥለውም ስብሰባ ሁሉ ሰው ይዘገያል። ከአጋሮ እስከ ጅማ 45 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚሆን ከሩቅ የሚመጣውን አስቦ ሰዓቱን አስቀድሞ መወሰን ተገቢ ነው፤ ከተወሰነ በኋላ ግን መጠበቅ አለበት።

የመክፈቻ ቃል ከ5 ደቂቃ ባይበልጥ መልካም ነው። በዚህ ውስጥ ሦስት ነገር ይነገራል፦ ለምን እንደ ተሰበሰቡ፣ በስንት ሰዓት እንደሚያበቃ፣ ንግግርም በምን ሥርዓት እንደሚሆን። የሀገር ሽማግሌ ካለ በአጭሩ ይመርቃል። የክብር እንግዶችን በስማቸውና በማዕርጋቸው መጥራት ያገራችን ጨዋነት ነው፤ ነገር ግን የእያንዳንዱን የሕይወት ታሪክ መተረክ ሲጀመር ጉባኤው ከመከፈቱ በፊት ይደክማል። እንግዳን የሚያስከብረው የምስጋናው ርዝመት ሳይሆን በተራው በጸጥታ መደመጡ ነው።

የንግግር አከፋፈል

በነጋዴዎች ጉባኤ ብዙውን ጊዜ ቀድሞ የሚናገረው ብዙ ቡና የሚልከው ነው። እርሱ ከተናገረ በኋላ ከእርሱ ብድር ያለበት አቅራቢ፣ ወይም በፈረሱላ የሚሸጥለት ሰብሳቢ የተለየ ሐሳብ ቢኖረውም ለማውጣት ያፍራል። ስለዚህ ብልህ መሪ ተራውን ከታች ይጀምራል፤ መጀመሪያ ትንሹ ነጋዴ፣ ቀጥሎ መካከለኛው፣ በመጨረሻ ታላቁ ይናገራል። ይህ ታላቁን ማዋረድ አይደለም፤ እንዲያውም የሁሉን ሰምቶ የሚናገር ሰው ቃሉ ይከብዳል።

ለእያንዳንዱ ተናጋሪ 3 ደቂቃ ወይም 5 ደቂቃ ተወስኖ ለሁሉም እኩል መጠበቅ አለበት። ጊዜ ያለፈበትን ሰው ማቋረጥ ለኢትዮጵያዊ መሪ የሚከብድ ነገር ነው፤ በተለይ ተናጋሪው በዕድሜ የሚበልጥ እንደ ሆነ። እንዲህ ሲሆን የተናገረውን በአንድ ዐረፍተ ነገር ጠቅልሎ፣ «አባታችን ያሉት ይህ ነው፤ በዚህ ላይ ሌሎችም ሐሳባቸውን ይስጡበት» ብሎ ወደሚቀጥለው ማለፍ ይቻላል። ሰውዬው ሐሳቡ መያዙን ካወቀ አይቀየምም፤ የሚያስቀይመው ሳይደመጥ መቋረጡ ነውና።

በጅማና በዙሪያዋ ባሉት የቡና ከተሞች ኦሮምኛና አማርኛ፣ ወደ ቦንጋ ሲታለፍም ካፍኛ ይነገራል። አንድ ነጋዴ በገበያ ላይ የሚግባባበት ቋንቋ ሁሉ ስለ ውልና ስለ ሕግ ለመከራከር አይበቃው ይሆናል። ስለዚህ አስተርጓሚ ማዘጋጀት፣ ለትርጉምም የሚሆን ጊዜ በአጀንዳው ላይ አስቀድሞ መያዝ የመሪው ግዴታ ነው። ሳይገባው እጁን ያወጣ ሰው፣ ውሳኔው በሥራ ላይ ሲውል የማላውቀው ነው ቢል ሊፈረድበት አይችልም።

አለማድላት

መሪው በጉዳዩ ውስጥ የራሱ ጥቅም ካለበት ወንበሩን ለጊዜው ለሌላ መልቀቅ አለበት። ለምሳሌ የመጋዘን ኪራይ ዋጋ በሚነጋገሩበት ጊዜ መጋዘን የሚያከራይ ሰው ቢመራ፣ ቅን ቢሆን እንኳ አይታመንም። ሐሳብ መስጠት ከፈለገ ከመድረኩ ወርዶ እንደ ማንኛውም አባል እጁን አውጥቶ ይናገር፤ ጉዳዩ ሲፈጸም ወደ ቦታው ይመለስ።

በዚህ ረገድ በአሜሪካ አገር የታወቀ ታሪክ አለ። ሄንሪ ማርቲን ሮበርት የሚባል የጦር ሠራዊት መሐንዲስ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1863 አንድ የቤተ ክርስቲያን ስብሰባ እንዲመራ ተጠየቀ። አመራር ሳያውቅ ወንበሩ ላይ ስለ ተቀመጠ ጉባኤው ተበጣበጠ። ከዚያ በኋላ የጉባኤን ሥርዓት ማጥናት ጀምሮ፣ በ1876 አንዲት የደንብ መጽሐፍ አሳተመ። ይህችም መጽሐፍ በየጊዜው እየታረመች እስከ ዛሬ ድረስ በብዙ ማኅበራት ዘንድ ይሠራባታል። ከደንቦቹም መሠረታዊው በአንድ ጊዜ አንድ ጉዳይ ብቻ እንዲታይ፣ አንድ ሰውም ብቻ እንዲናገር የሚያዘው ነው።

ቊጣ ሲነሣ

ገንዘብ ባለበት ቊጣ አይጠፋም። አቅራቢው «ቡናዬ በሚዛን ተጐድሎብኛል» ሲል፣ ገዥው «እርጥበቱ በዝቶ ነው» ሲል፣ ነገሩ ከቡናው ወጥቶ ወደ ሰውዬው ስምና ወደ ቤተ ሰቡ ሊዞር ይችላል። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም እንዲሉ፣ በጉባኤ ፊት የወጣ ስድብ የብዙ ዓመት ደንበኝነትን ያፈርሳል። መሪው በዚህ ጊዜ ነገሩን ከሰው ወደ ዕቃ መመለስ አለበት፦ ሚዛኑ መቼ ተመረመረ? እርጥበቱ በመሣሪያ ተለካ ወይስ በእጅ ተገመተ? ናሙናው በሁለቱም ፊት ተወሰደ? እንዲህ ያለ ጥያቄ መልሱ ቊጥር ወይም ቀን ስለ ሆነ ቊጣን ያበርዳል።

ካልበረደ ዕረፍት ማወጅ ነው። ቡና አብቃይ በሆነ አገር ዕረፍት ያለ ቡና አይሆንም፤ ከአቦል እስከ በረካ መጠበቅ ባይቻል እንኳ አንድ ስኒ ቡና ጐን ለጐን ቆመው የጠጡ ሰዎች ሲመለሱ ድምፃቸው ይቀንሳል። በዚያው ዕረፍት መሪው ሁለቱን ወገኖች ለየብቻ አነጋግሮ፣ የግል ክርክራቸው ከጉባኤው ውጭ በሽማግሌ እንዲታይ ቢያስማማ አዳራሹ ለጋራው ጉዳይ ይተርፋል።

አንድ ምሳሌ፦ ስለ ደን አዲሱ ሕግ

የመሪ ጥቅም ምን ያህል እንደ ሆነ ለመረዳት ዛሬ የቡና ነጋዴውን የሚያሳስበውን ጉዳይ መውሰድ ይበቃል። የአውሮፓ ኅብረት በ2015 ዓ.ም. ባወጣው ደንብ መሠረት፣ ከታኅሣሥ 22 ቀን 2013 ዓ.ም. በኋላ ደን በተመነጠረበት መሬት ላይ የበቀለ ቡና ወደ ኅብረቱ አገሮች እንዳይገባ ተከልክሏል። ደንቡ በሥራ ላይ የሚውልበት ቀን በተደጋጋሚ ቢራዘምም፣ ላኪው ቡናው የበቀለበትን መሬት አቀማመጥ በኬክሮስና በኬንትሮስ እንዲያስመዘግብ ይጠይቃል፤ ከ4 ሄክታር በላይ ለሆነ እርሻም የድንበሩ ዙሪያ መለካት አለበት። ምንጩ ያልታወቀ ቡና ከታወቀው ጋር ከተቀላቀለ ሁሉም ይበላሻል። ጀርመንና ቤልጅግ ከኢትዮጵያ ቡና ዋና ገዥዎች መካከል ስለ ሆኑ ነገሩ ቀላል አይደለም።

በዚህ ጉዳይ ጅማ ላይ ስብሰባ ተጠራ እንበል። ላኪው፣ አቅራቢው፣ ሰብሳቢው፣ የኅብረት ሥራ ማኅበር ተወካዩ፣ የባንክ ሠራተኛውና የግብርና ባለሙያው ተቀምጠዋል። አመራር የማያውቅ ሰው ቢይዘው፣ ባለሙያው የደንቡን አንቀጾች አንድ ሰዓት ያነባል፤ ላኪው ግማሽ ሰዓት ያማርራል፤ ምሳ ይደርሳል። ከጎማና ከገራ ገበሬዎች ጀንፈል የሚገዛው ሰብሳቢ አንድ ቃል ሳይናገር ይሄዳል። ይሁን እንጂ የትኛው ጆንያ ከየትኛው ገበሬ እንደ መጣ የሚያውቀው እርሱ ብቻ ነው፤ ቡናው የሚቀላቀለውም በእርሱ ግቢ ነው።

መልካም መሪ ቢይዘው ግን ጉዳዩን በሦስት ጥያቄ ይከፍለዋል። 1ኛ፤ ደንቡ የሚጠይቀው ምንድን ነው? ይህን ባለሙያው በ15 ደቂቃ ይመልሳል። 2ኛ፤ የመሬቱን ልክ ማን ይወስዳል፣ ጆንያውስ እስከ መጋዘን ሳይቀላቀል እንዴት ይደርሳል? ይህን የሚመልሱት ሰብሳቢውና የማኅበሩ ተወካይ ስለ ሆኑ ቀድመው ይናገራሉ። 3ኛ፤ ወጪውን ማን ይችላል? ይህን ላኪውና አቅራቢው ይከራከሩበታል፤ የባንክ ሠራተኛውም ስለ ብድር ይጠየቃል። ሰዎቹ እነዚያው ናቸው፤ ሰዓቱም ያው ነው፤ ፍሬው ግን የተለየ ነው።

አዘጋግና ውሳኔ

የኢትዮጵያ ምርት ገበያ በ2000 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር፣ ሻጭና ገዥ በመገበያያው ወለል ላይ ዋጋ እየጠሩ ይገናኙ ነበር፤ ሲስማሙም እጅ ለእጅ ተማትተው ውላቸው ወዲያው በጽሑፍ ይመዘገብ ነበር። ኋላ ይህ በኤሌክትሮኒክ ግብይት ቢተካም ለስብሰባ መሪ የሚሰጠው ትምህርት ይኖራል፦ ጩኸቱ ምንም ቢበዛ፣ መጨረሻው ግልጽ ምልክትና ጽሑፍ ሊኖረው ይገባል።

ስለዚህ መሪው እያንዳንዱ አጀንዳ ሲያልቅ «የተስማማነው ይህ ነው» ብሎ ጮክ ብሎ ይናገር፤ ተቃዋሚ መኖሩንም ይጠይቅ። ዝምታን እንደ ስምምነት መውሰድ አደገኛ ነው፤ ባገራችን ሰው አክብሮ ዝም ይላልና። ድምፅ የሚሰጥ ከሆነ የድጋፍ፣ የተቃውሞና የድምፀ ተአቅቦ ቊጥር ተለይቶ ይጻፍ። ውሳኔው ሦስት ነገር ካልያዘ ውሳኔ አይባልም፦ የሚሠራው ሥራ፣ የሚሠራው ሰውና የሚፈጸምበት ቀን። «ይታሰብበት» ተብሎ የተጻፈ ነገር ማንም አያስብበትም።

ሕጉም ይህን ይደግፋል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕግ ስለ አክሲዮን ማኅበር ጉባኤ ሲደነግግ፣ የተገኙት ሰዎች በመዝገብ ላይ እንዲፈርሙና ቃለ ጉባኤ እንዲያዝ ያዝዝ ነበር። የማኅበራቱ ክፍል በ2013 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቊጥር 1243 ቢተካም፣ የጉባኤ ሥራ በጽሑፍ መረጋገጥ እንዳለበት ያላወቀ ነጋዴ ከክርክር አይድንም። ስለዚህ ጸሐፊው ከመሪው አጠገብ ይቀመጥ፤ ቃለ ጉባኤውም በሳምንት ውስጥ ለሁሉም ይድረስ።

ማጠቃለያ

ከዚህ በላይ የተዘረዘረውን ሁሉ ለመፈጸም ታላቅ ትምህርት ወይም ልዩ የንግግር ችሎታ አያስፈልግም። የሚያስፈልገው ቀድሞ መዘጋጀት፣ ሰዓት መጠበቅ፣ ትንሹንም ታላቁንም እኩል መስማት፣ የራስን ጥቅም ከወንበሩ መለየትና የተወሰነውን በጽሑፍ ማስቀረት ነው። የአዲስ አበባ ንግድ ምክር ቤት በ1939 ዓ.ም. ከተቋቋመ ወዲህ የነጋዴው ኅብረት በየከተማው እየተስፋፋ መጥቷል፤ የኅብረቱም ኃይል የሚታየው በአባላቱ ብዛት ብቻ ሳይሆን ተሰብስበው በሚወስኑት ነገር ነው። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይባላል፤ ሎሚውን ለሃምሳው በሥርዓት የሚያከፋፍል አንድ ሰው ግን የግድ ያስፈልጋል። የሚቀጥለው ስብሰባ ከመጠራቱ በፊት የየማኅበሩ አባላት ሊቀ መንበር ሲመርጡ፣ «ከመካከላችን ሀብታሙ ማን ነው?» ከማለት ይልቅ «ከመካከላችን ማን ያደምጣል?» ብለው ቢጠይቁ ጥቅሙ ለራሳቸው ነው።